«ወንድሜን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው?»



የዛሬው ርእሳችን ከአንዲት እህታችን በደረሰን ደብዳቤ የተነሣ ነው። እህታችን ታላቅ ወንድሟ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ እንደሚኖር፣ የደም ካንሰር እንደተገኘበት፣ ሐኪሞቹም «አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ጥናት አለ፤ ፈቃደኛ ከሆንክ ግባ» ብለው ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት እንደሰጡት ጽፋልናለች። ወረቀቱ ላይ «አዲሱን ወይም ነባሩን መድኃኒት በዕጣ ያገኛሉ» የሚል አለበት። ቤተሰቡ ተጨንቋል። «የሰው ሕይወት በዕጣ ይሆናል ወይ? ወንድሜን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው? ወይስ አላህ ሰበብ አድርጎለት ይድንበት ይሆን? ይግባ ወይስ ይቅር?» ስትል ትጠይቃለች።

ይግባ ወይም ይቅር ማለት የእኛ ድርሻ አይደለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከምን እንደመጣ፣ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደማይጠይቅ ማስረዳት ግን እንችላለን። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንደተደረገለት፣ መታከምም እንደሚገባን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ግን ሰው ፈልጎ የሚደርስበት ነው፤ ፍለጋው ደግሞ በግምትና በወሬ አይሆንም።

እህታችን ወንድሟን የያዘው የደም ካንሰር የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልገለጸችልንም። ስለዚህ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የሚታይበትን የአንድ ኪኒን ታሪክ እንውሰድ። ኪኒኑ ኢማቲኒብ ይባላል፤ ገበያ ላይ የወጣበት ስሙ ግሊቬክ ነው። የሚሰጠው በዋናነት ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለሚባለው የደም ካንሰር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች የዚህ በሽታ ታማሚዎች በደም ሕዋሳቸው ውስጥ አጥሮ የተለወጠ አንድ ክሮሞዞም እንዳላቸው ደረሱበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህ ለውጥ አንድ የተበላሸ ፕሮቲን እንደሚያስገኝ፣ ይህም ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ማቋረጥ እንዲበዙ እንደሚገፋፋ ታወቀ። ስለዚህ ጥያቄው «ይህን ፕሮቲን ብቻ የሚዘጋ ነገር ይገኛል ወይ?» የሚል ሆነ። ኢማቲኒብ በመጀመሪያ በቤተ ሙከራ በሕዋሳት ላይ፣ ቀጥሎ በእንስሳት ላይ ተፈተነ። በዚህ ደረጃ ወድቆ የሚቀረው መድኃኒት ብዙ ነው። በአይጥ ላይ የሠራ ነገር ሁሉ በሰው ላይ አይሠራምና፣ ጋዜጣ ላይ «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ ስታነቡ አስቀድማችሁ «በማን ላይ ተፈትኖ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሰው ላይ የተጀመረው በሰኔ ወር 1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጥናቱን ከመሩት መካከል በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ብራያን ድሩከር ይገኙበታል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ይባላል። በሌሎች በሽታዎች አዲስ መድኃኒት አስቀድሞ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ይፈተናል፤ የካንሰር መድኃኒት ግን ብርቱና መርዛማነቱም የሚፈራ በመሆኑ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው ታማሚዎች ነው። በኢማቲኒብ ጥናት የገቡት 83 ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በቀን 25 ሚሊግራም ብቻ ተሰጣቸው፤ ደኅና መሆናቸው እየታየ ቀጥለው ለገቡት መጠኑ ትንሽ በትንሽ እያደገ እስከ 1000 ሚሊግራም ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የመጀመሪያው ደረጃ ዋና ዓላማ ታማሚውን ማዳን አይደለም፤ ሰውነት ምን ያህሉን መሸከም እንደሚችልና ምን ጉዳት እንደሚከተል ማወቅ ነው። ቀድመው የሚገቡት ሰዎች የሚሰጣቸው መጠን ጥቅም የማይሰጥ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ የሚገቡት ደግሞ ከልክ ያለፈው ሊደርሳቸው ይችላል። ይህን የሚደብቅ ሐኪም አማና በልቷል። ይህን አውቆ «ለእኔ ባይሆን ለሌላው ይጥቀም» ብሎ የሚገባ ሰው ደግሞ ኒያው ከአላህ ዘንድ አይጠፋበትም።

ኢማቲኒብ ግን ብዙም ያልተለመደ ነገር አሳየ። ነባሩ መድኃኒት አልሠራላቸው ካሉና በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ካለ ታማሚዎች መካከል 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የወሰዱት 54 ነበሩ። ከእነዚህ የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ተመለሰ። ወሬው በታማሚዎች ዘንድ በኢንተርኔት ሲዛመት፣ መድኃኒቱን የሚያመርተው ኩባንያ በብዛት እንዲያዘጋጅ ሺዎች ፊርማቸውን አሰባስበው ላኩ።

በሁለተኛው ደረጃ የታማሚው ቁጥር ይጨምርና መድኃኒቱ በእርግጥ ካንሰሩን ያሸንፍ እንደሆነ ይታያል። በ2001 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኪኒኑ ለሕዝብ እንዲሰጥ የፈቀደው እስከዚህ ድረስ በተገኘው ውጤት ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ግን ያኔ ተጀምሮ ነበር። የእህታችንን ቤት ያስጨነቀው «ዕጣ» የሚመጣውም በዚሁ በሦስተኛው ነው።

ለምን ዕጣ? አንድ ገበሬ አዲስ የጤፍ ዘር አገኘ እንበል። አዲሱን ዘር ከወንዙ ዳር ባለው ለም መሬት፣ ነባሩን ደግሞ ጭንጫው ላይ ቢዘራ፣ በመኸር ጊዜ የትኛው ዘር እንደበለጠ ማወቅ ይችላል? አይችልም። መሬቱ ይሁን ዘሩ አልለየም። ሐኪምም ሰው ነው። ምርጫው ለእርሱ ቢተው፣ አንዱ አዲሱን መድኃኒት ጠንከር ላሉት ይሰጣል፤ ሌላው አዝኖ እጅግ ለደከሙት ይሰጣል። በመጀመሪያው መድኃኒቱ ያለ ልኩ ይወደሳል፣ በሁለተኛው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ዕጣ ሲሆን ግን ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ደካማውም ብርቱውም በሁለቱ ወገን እኩል ይከፋፈላል። የቀረው ልዩነት መድኃኒቱ ብቻ ይሆናል።

ዕጣው የሚፈቀደው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ሐኪሞቹ በእውነት ያላወቁ እንደሆነ። አንደኛው እንደሚበልጥ እየታወቀ በዕጣ መመደብ ግፍ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚፈራው «ባዶ ኪኒን ሰጥተው ዝም ብለው ያዩኛል» የሚለው ነው። የሚሠራ ሕክምና ላለው ካንሰር እንዲህ አይደረግም፤ ንጽጽሩ ከነባሩ ምርጥ ሕክምና ጋር ነው። ባዶ ኪኒን ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ ከነባሩ ሕክምና ጋር ተደርቦ ነው፤ ይህም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

በኢማቲኒብ ሦስተኛ ደረጃ ከ16 አገሮች 1106 ታማሚዎች ገቡ። ግማሾቹ አዲሱን ኪኒን፣ ግማሾቹ ኢንተርፌሮን የሚባለውን ነባር መርፌ ከሌላ መድኃኒት ጋር አገኙ። ከ18 ወር በኋላ ሲታይ፣ ያ የተለወጠ ክሮሞዞም ከመቅኒያቸው የጠፋላቸው በአዲሱ ወገን ከመቶ 76፣ በነባሩ ወገን ከመቶ 14 ያህል ነበሩ። ነባሩ ያልሠራላቸው ወይም ያልተስማማቸው ወደ አዲሱ እንዲሻገሩ ከመነሻው ተፈቅዶ ስለነበር አብዛኞቹ ተሻገሩ። ከ10 ዓመት በላይ ክትትል በኋላ ኪኒኑን ከጀመሩት ወደ 83 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወት እንደነበሩ ተዘግቧል። ከዚያ በፊት በሽታው አብዛኛውን ሰው በጥቂት ዓመታት የሚወስድ ነበር። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ የዚህ በሽታ ታማሚዎች ይህንኑ መድኃኒት በእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት ያለ ክፍያ ሲያገኙ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ላይ ኪኒኑን የሚውጠው ሰው፣ በእነዚያ 1106 ሰዎች ዕጣ ላይ ቆሞ ነው የሚውጠው።

«53 ከ54 ከዳኑ ታዲያ ሌላ ፈተና ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከሌላ ታሪክ ይገኛል፤ ይህኛው ግን የሚያሳዝን ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የጡት ካንሰር ለያዛቸው ሴቶች አንድ ከባድ ሕክምና ይሰጥ ነበር። የታማሚዋ መቅኒ ወይም መቅኒ የሚያስገኙ የደም ሕዋሳት ቀድመው ይወሰዱና ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሰውነት ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ኬሞቴራፒ ይሰጣታል፤ በመጨረሻ የተቀመጠው ይመለስላታል። አስተሳሰቡ «ጥቂቱ ካንሰርን ከገደለ ብዙው ይጨርሰዋል» የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ዕጣ የሌለባቸው፣ ጥቂት ሴቶች ብቻ የገቡባቸው ነበሩ፤ ውጤታቸውም ያማረ መሰለ። የተመረጡት ሴቶች ግን ቀድሞውንም ወጣትና ጠንካራ ነበሩ፤ ያ የወንዝ ዳሩ መሬት መሆኑ ነው። የጤና ኢንሹራንሶች «አልተረጋገጠም፤ አንከፍልም» ሲሉ ሕዝቡ ተቆጣ። በ1993 በካሊፎርኒያ አንድ የፍርድ ቤት ሸንጎ ክፍያ ለተከለከለች ሟች ቤተሰብ 89 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ከፈሉ።

በዕጣ የሚደረጉ ጥናቶች ተጀምረው ነበር። ነገር ግን ሕክምናው ከጥናቱ ውጭ በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፣ በዕጣ ነባሩ እንዲደርሳት የምትፈቅድ ሴት ማን ናት? ሴቶቹ አልገቡም፤ ጥናቶቹም ለዓመታት ተጓተቱ። በግንቦት ወር 1999 የአምስት ጥናቶች ውጤት በአንድ ጉባኤ ቀረበ። አራቱ ከባዱ ሕክምና ከተለመደው አይበልጥም አሉ። ይበልጣል ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአፍሪካችን፣ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ከዶክተር ቨርነር ቤዝዎዳ የመጣው። በ2000 መጀመሪያ የአሜሪካ ባለሙያዎች መዝገቡን ለማየት ወደ ጆሃንስበርግ ሄዱ። የብዙ ታማሚዎች መዝገብ የለም፤ የፈረሙበት የስምምነት ወረቀትም አልተገኘም። ሐኪሙ ውጤቱን አሳስተው ማቅረባቸውን አመኑ። እስከዚያ ድረስ ይህን ሕክምና የወሰዱት የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ30 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ ያለ ትርፍ ተሠቃዩ፤ ከሕክምናው ከራሱ የተነሣ የሞቱም ነበሩ።

አድማጮቻችን ሆይ፣ ይህን ያመጣነው ሐኪምን ለመጥላት አይደለም። አብዛኞቹ ሐኪሞች ይጠቅማል ብለው በቅንነት ያደረጉት ነው። ቤተሰቦቹም ገንዘብ የለመኑት፣ ፍርድ ቤት የቆሙት ከፍቅር ነው። ይህን ስንጽፍ ቤታቸውን ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው ባሕር ማዶ «አዲስ ሕክምና» ፍለጋ የሄዱ ወገኖቻችን ትዝ ይሉናል። አዲስ ማለት የተሻለ ማለት ቢሆን ኖሮ ፈተናው ባላስፈለገ ነበር። አንድ ምልክት እንስጣችሁ፦ በትክክለኛ ጥናት ውስጥ በመፈተን ላይ ላለው መድኃኒት ታማሚው ዋጋ እንዲከፍል አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። «አዲስ ነው፤ ገና በጥናት ላይ ነው» እያለ ብዙ ሺህ ዶላር በቅድሚያ የሚጠይቅ ክሊኒክ ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃት እንምጣ። «መሞከሪያ» የሚለው ቃል ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ መሠረት አለው። በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በሙስሊሞቹ ከተማ በካኖ፣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ፈተነ። ከ200 ሕፃናት ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን አገኙ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ ከሁለቱም ወገን። ወላጆች «ጥናት መሆኑን ማንም አልነገረንም» አሉ። ኩባንያው በቃል አስፈቅጃለሁ፣ ሞቱም ከበሽታው ነው ሲል ተከራከረ፤ በ2009 ግን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። የጠፋው አመኔታ በገንዘብ አልተመለሰም። በ2003 የካኖ ሕዝብ የፖሊዮ ክትባትን አልቀበልም ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ትዝታ ነበር። ክትባቱ ሲቋረጥ ፖሊዮ እንደገና ተዛመተና ከናይጄሪያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል እስከ አገራችን ደረሰ። ወላጅን ሳያስረዱ የተደረገ አንድ ጥናት፣ ስሙን እንኳ ያልሰማውን የሌላ አገር ሕፃን ያሽመደምዳል።

እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው ሕጉ የወጣው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የሠሩት ግፍ በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ከታየ በኋላ፣ በ1947 ያለ ሰው ሙሉ ፈቃድ ሙከራ እንዳይደረግ የሚል ድንጋጌ ወጣ። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ መመሪያውን አጸደቀ። ዛሬ በአሜሪካም በኢትዮጵያም ጥናት የሚያደርግ ክፍል ዕቅዱን አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ማስመርመር አለበት፤ በአገራችን የመድኃኒት ፈተና ከዚህም ሌላ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በትላልቅ ጥናቶች ደግሞ ከአጥኚዎቹ ውጭ የሆኑ ባለሙያዎች ውጤቱን በየጊዜው ይመለከታሉ። ጉዳት ከበዛ ያስቆሙታል፤ አንዱ ወገን በግልጽ ከበለጠም እንዲሁ። በ2005 ትራስቱዙማብ በተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ላይ የተደረጉት ጥናቶች ቀድመው ይፋ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው፤ በሽታው ተመልሶ የሚመጣባቸውን ሴቶች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ ስለተገኘ ነባሩ ብቻ ይሰጣቸው የነበሩት ሴቶችም እንዲያገኙት ተደረገ።

ከሕጉ ሁሉ የሚከብደው ግን በእኛው ቤት ያለው ነው። ካንሰር ሲገኝ ለታማሚው አንነግርም። «ይደነግጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል» እንላለን። ሐኪሙን በኮሪደር ይዘን «እባክህ ስሙን አትጥራባት» ብለን የለመንን ስንቶች ነን? የእህታችን ደብዳቤም የመጨረሻው መስመር «ለወንድሜ አለርጂ ነገር ነው እያልነው ነው፤ እንግሊዝኛውን ባለቤቱ ናት የምታስተረጉምለት» ይላል። እህታችን፣ በዚህ ሁኔታ ወንድምሽ ሊፈርም አይችልም። ፊርማው የእርሱ ነው፤ የሚስቱም፣ የአንቺም፣ የታላላቆቹም አይደለም። የማያውቀውን በሽታ ለሚያክም፣ የማያውቀውን ጉዳት ሊያመጣ ለሚችል መድኃኒት ፈቀደ ማለት፣ እኛው ራሳችን በካኖ ወላጆች ላይ የደረሰውን በወንድማችን ላይ ደገምነው ማለት ነው። ሆስፒታሉ በሚገባው ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ባለቤቱ አጠገቡ ትቀመጥ፣ እጁን ትያዝ፤ ማስተርጎሙን ግን ለባለሙያው ትተው። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዶ መመርመር፣ ሌላ ሐኪም ማማከር፣ ኢስቲኻራ ሰግዶ ማሰብ ይችላል። «አሁኑኑ ፈርም» የሚል ካለ ራሱ ጥሩ ምልክት አይደለም።

በጻፍሽልን መሠረት ጥናቱ ሦስተኛው ደረጃ ይመስላል። ይህም መድኃኒቱ ቀደም ሲል በሌሎች ሰዎች ላይ ታይቶ መጠኑ የታወቀ ነው ማለት ነው። ቢሆንም ወንድምሽ ራሱ ይጠይቅ፦ ደረጃው ስንተኛ ነው? ዕጣው ነባሩ ላይ ቢወድቅ የሚሰጠኝ ምንድን ነው፣ ከጥናቱ ውጭ ከማገኘው ያንሳል ወይ? ነባሩ ባይሠራልኝ ወደ አዲሱ መሻገር ይፈቀድልኛል? ተጨማሪ የደምና የመቅኒ ምርመራ ስንት ጊዜ ነው፣ ከሥራስ ስንት ቀን ያስቀረኛል? የመድኃኒቱን ወጪ ማን፣ የምርመራውን ማን ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል?

ለእኛ ለሙስሊሞች የሚጨመሩም አሉ። የኪኒኑ ሽፋን ጄላቲን ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም። ረመዳንን በሚመለከት፣ ኢማቲኒብን የመሰለ መድኃኒት ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር የሚወሰድ ነውና፣ ራሱ በራሱ ሰዓት ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ፤ ሸሪዓችን ለታማሚ ያደረገው ማቅለል የታወቀ ነው። ጥቁር አዝሙድም ይሁን ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሳይደብቅ ይናገር። ሐኪሞች ይቆጡኛል ተብሎ የሚደበቀው ነገር ከአዲሱ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ደግሞም በእነዚህ ጥናቶች ላይ ባልና ሚስት ለተወሰነ ጊዜ እርግዝና እንዲያስወግዱ ይጠየቃሉና፣ ይህን ሁለቱም አስቀድመው ይስሙ።

«ገብቶ ቢጠላውስ፣ ይለቁታል ወይ?» ብለሻል። አዎን፤ በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት መብቱ ነው፤ ስለወጣም ሆስፒታሉ የተለመደውን ሕክምና ሊከለክለው አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፦ መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ ጥሎ አይጥፋ። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ይጎዳልና «መውጣት እፈልጋለሁ» ብሎ ይንገራቸው፤ እንዴት እንደሚያቆምና በምን እንደሚተካ እነርሱ ይነግሩታል።

ወንድማችንን አላህ (ሱ.ወ.) ያሽርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።